አንደኛ የወጣው ተሸንፏል

የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ዕጩነት ፉክክር፣ በየፓርቲው ውስጥ የሚደረገውን፣ ከመጀመሪያው ልከታተል የሚል ሰው አንደኛ ክፍል የተማራትን ቁጥር ለጊዜው መርሳት አለበት። አንድ ከሁለት ይቀድማል የሚባል ነገር ፉክክሩን በተለምዶ በሚከፍቱት ግዛቶች፣ በአዮዋና በኒው ሃምፕሺር፣ አይሠራም።

በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጂሚ ካርተር አዮዋ ላይ ድል አደረጉ ተባለ። ቴሌቪዥኑም ጋዜጣውም እሳቸውን ይዞ ከነፈ። ካርተር ያገኙት ግን 28 በመቶ ገደማ ነው። 37 በመቶ ይዞ የቀደማቸው «ገና አልወሰንኩም» ያለው ሕዝብ ነበር። ሰውየው ማንንም ባልመረጠ ሕዝብ ተቀድመው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በ1972 ደግሞ ኤድመንድ መስኪ ኒው ሃምፕሺርን በ46 በመቶ አሸነፉ። አንደኛ! ግን የጎረቤቷ የሜይን ሰው ናቸውና «ደጃፍህ ላይ ይሄ ብቻ?» ተባሉ። እልል የተባለው ለሁለተኛው፣ ለጆርጅ መክገቨርን ነው። ዕጩነቱንም እሳቸው ወሰዱት። ቢል ክሊንተን በ1992 እዚያው ሁለተኛ ወጡና እንደ አሸናፊ ደረታቸውን ነፍተው መድረክ ላይ ቆሙ። ያን ቀን ያሸነፉት ፖል ሶንጋስ ናቸው። እስቲ ሰፈራችሁን ጠይቁ፤ የሚያውቃቸው ከተገኘ ቡና በእኔ። ማርኮ ሩቢዮማ በ2016 አዮዋ ላይ ሦስተኛ ወጥተው ያደረጉት ንግግር ፍጹም የድል ነበር።

ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? ዕጩው የሚሮጠው ከተገመተለት ቁጥር ጋር ነው። ትምህርት ቤት ከፈተና ሲወጣ «ወደቅኩ፣ አለቀልኝ» ብሎ አልቅሶ 98 የሚያመጣ ልጅ ነበር አይደል? የዕጩዎቹ አማካሪዎች እሱ ናቸው። ሳምንት ሲቀረው «እኛ እንኳ እዚህ ብዙም አንጠብቅም» እያሉ በየካሜራው ይተክዛሉ። ተቀናቃኛቸውን ግን ያሞግሱታል፤ «እሱማ ጠራርጎ ነው የሚወስደው!» ሰውየው በጠባብ ልዩነት ሲያሸንፍ «ምነው፣ ምን ነካው?» ለማለት እንዲመቻቸው ነው። እርግማን ይሻላል።

አዮዋ 3 ሚሊዮን ከፍ የሚል ሕዝብ ነው ያላት። በ2024 ዕጩውን ለሚሰይመው የሪፐብሊካን ጉባኤ ከተመደቡት 2,429 ተወካዮች የእሷ ድርሻ 40 ብቻ ነበር። ግን ቀድማ ትናገራለች። ገንዘብ የሚሰጠውም፣ ካሜራ የሚያዞረውም እሷን አይቶ ነው። ኒው ሃምፕሺር ደግሞ ቀዳሚነቷን በሕግ አጽፋለች፤ ፕራይመሪዋ (ሕዝቡ ዕጩውን በድምፅ መስጫ ወረቀት የሚመርጥበት ቀን) ከሌላው ግዛት ፕራይመሪ ቢያንስ 7 ቀን መቅደም አለበት። አንዱ ቀኑን ሲስብ ሌላውም እየሳበ፣ በ2008 እና በ2012 የአዮዋ ካውከስ (ዕጩ የሚመረጥበት የፓርቲ ስብሰባ) ጃንዋሪ 3 ላይ ዋለ። የገና ዛፉ እንኳ ገና ሳሎን ነው።

የአዮዋ ዴሞክራቶች እስከ 2020 ያደርጉት የነበረው ካውከስ ግን ለብቻው ትርኢት ነበር። በዚያ ብርድ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ይሰበሰባል። መጋረጃ የለም፣ ምስጢር የለም። የእገሌ ደጋፊ በዚህ ጥግ፣ የእገሊት በዚያ ጥግ ይቆማል። አብዛኛው ቦታ ላይ 15 በመቶ ያልሞላ ጥግ ይፈርሳል። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው። ጥጉ የፈረሰበትን ሰው ከየጥጉ እየመጡ «ወደ እኛ ና» ይሉታል። ኩኪስ የሚያቀርብም አለ። በእኛ ይሉኝታ እስቲ አስቡት! አከራይህ እዚያ ጥግ፣ የነፍስ አባትህ እዚህ ጥግ ቆመው ያዩሃል። ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሆኖ ውልቅ ማለት ነው የሚያዋጣው።

ይህ ሁሉ ተለፍቶ ደግሞ ቆጠራው አለ። በ2012 ሪፐብሊካኖቹ ዘንድ ሚት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፉ ተባለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሪክ ሳንቶረም በ34 ድምፅ ቀድመው ተገኙ፤ የ8 ጣቢያ ውጤት ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በ2020 የዴሞክራቶቹ አፕ ተበላሸና ውጤቱ ለቀናት ተጓተተ። ፒት ቡቲጀጅ ምን ገዷቸው፣ አንድም ቁጥር ሳይወጣ በዚያው ምሽት ድል አወጁ።

በ2024 ዴሞክራቶቹ የመጀመሪያውን ተራ ለሳውዝ ካሮላይና ሰጡ። ኒው ሃምፕሺር «ሕጌን አላፈርስም» ብላ ጃንዋሪ 23 ላይ ምርጫዋን አካሄደች። ባይደን ስማቸውን እንኳ አላስመዘገቡም። ሕዝቡ ግን በእጁ እየጻፈ አሸናፊ አደረጋቸው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት የማይጠፉ፣ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ አሉ። የአዮዋን ካውንቲዎች በስም ያውቃሉ። ፖክ ካውንቲ ሲቆጠር ማንም እንዲያወራ አይፈቅዱም። በ2024 የሁለቱም ፓርቲ መሪ ዕጩዎች ማርች 12 ላይ ለዕጩነት የሚፈለገውን ተወካይ ሞልተው ጨረሱ። የእኛ ተራ የደረሰው ሜይ 14 ነው። ጋሼ ግን ሄደው መረጡ። ስቲከሩን ጃኬታቸው ላይ ለጥፈው መጡ።

«ጋሼ፣ ካለቀ ነገር ምን አደከመዎት?» አልኳቸው።

«ግዴታዬ ነዋ! ዜጋ አይደለሁም እንዴ?»

«ለትምህርት ቤት ቦርዱስ ማንን መረጡ?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እሱም ወረቀቱ ላይ ነበር እንዴ?»