አግቦኛዋ ማሽን ኮዬ ፈጬ ገባች

ፖርታል 2 የተባለው የቪዲዮ ጌም ዋና ታሪኩ ለብቸኛ ሰው የተሠራ ነው። ባለታሪኳ ቼል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትንፍሽ አትልም። ሰው በሌለበት፣ በፈራረሰ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትዞራለች። በያዘችው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ብርቱካናማ ቀዳዳ ትከፍታለች። በአንዱ ገብታ በሌላው ትወጣለች። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ፣ በምክር ቤት ደረጃ ይጫወቱታል ብሎ መቼም አላሰበም።

ጌሙ ያረጀ ስለሆነ ላረጀው ላፕቶፔ አይከብደውም። ላፕቶፑን በኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፤ ሰፈሩ ገባ። አክስቴ አለች። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አሉ፤ ጋሽ ኮሚቴ እንላቸዋለን፣ በሌሉበት። ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው አሉ። ሁሉም ምክር አለው። ማውሱን የሚነካ ግን የለም።

የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። አንዱን ቀዳዳ እዚህ፣ ሌላውን መገናኛ ብንከፍትስ? ይቻላል፣ ሲነጋ ግን ተራ አስከባሪ ይቆምበታል።

አክስቴ እንቆቅልሹ ጉዳይዋ አይደለም። የምትመጣው ለግላዶስ ነው። ግላዶስ ቤተ ሙከራውን የምታስተዳድር ማሽን ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው ክፍል፣ ፈተናሽን ስትጨርሺ ኬክ አለልሽ እያለች ቼልን አጓጉታ፣ መጨረሻ ላይ እሳት ውስጥ ልትከታት ነበር። ቼልም አፈራረሰቻት። በሁለተኛው ክፍል ስትነቃ ታዲያ አትጮህም፣ አትራገምም። እንዴት ከረምሽ ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ የገደልሽኝን ነገር እንተወው በሚል ቃና፣ የገደለቻትን ነገር ደጋግማ ታነሳለች።

አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ጥቂት እንዳስተረጎምኩላት ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች።

«ውይ! ይቺስ እኛ ዕድር ውስጥ አለች» አለች።

ከዚያ ወዲህ አግቦ በመጣ ቁጥር ጌሙ ይቆማል። «እስቲ እንደገና በላት፣ ምን አለቻት?» ያልገባት አንድ ስድብ ብቻ ነው። ግላዶስ ቼልን ወፍራም እያለች ታሸሟጥጣታለች። «ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው? ተስማምቶሻል ማለቷ ነው። ተመስገን ትበል።»

ጋሽ ኮሚቴ ደግሞ ሌላ ናቸው። አንድ ቦታ ከፊቴ ሰፊ ገደል አለ፤ መውጫው በር ማዶ ነው። በጌሙ ሕግ ወደ ቀዳዳው የገባህበት ፍጥነት ስትወጣም አብሮህ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ቀዳዳ ከታች ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ገደሉን የሚያይ ግድግዳ ላይ ትከፍታለህ። ከዚያ ከከፍታ ወደ ታችኛው ትዘላለህ። ግድግዳው ማዶ ድረስ ይተፋሃል። ልዘል ስል ጋሽ ኮሚቴ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ይጠና።»

ተጠና። ቡናው ቶና ደረሰ።

ቀለም የሚረጭባቸው ክፍሎች ላይ ስንደርስ ነገሩ ከረረ። ሰማያዊው ቀለም ያነጥራል፣ ብርቱካናማው ያንሸራትታል፣ ነጩ ቀዳዳ በማይቀበል ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ያስከፍታል። ነጩ የተሠራው ከጨረቃ ድንጋይ ዱቄት ነው። የቤተ ሙከራው ድርጅት መሥራች ኬቭ ጆንሰን ድንጋዩን አስፈጭቶ በዚያው ተመርዟል። ሰውየው ሥራ የጀመረው በሻወር መጋረጃ ነበር። ጋሽ ኮሚቴ «ባለራዕይ ነው» ብለው አደነቁት። ይኼኔ ከጥግ የተቀመጠች ጎረቤታችን፣ ባለፈው ለደረጃው ቀለም ያዋጣነው ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ራዕይ ላይ ውሎ እንደሁ በትሕትና ጠየቀች። ፈንዲሻው ዞረ።

በዚህ ላይ ዊትሊ መጣ። ዊትሊ ክብ፣ ለፍላፊ፣ አንድ ዓይና ሮቦት ነው። ቼልን ላስመልጥሽ እያለ ሲከተላት ይቆያል። ቂል ነው፣ ግን ልበ ቀና ይመስላል። በግላዶስ ቦታ ተተክቶ ሥልጣኑ እጁ በገባ ደቂቃ ግን ሳቁ ተለወጠ። አስመልጥሻለሁ ማለቱ ቀረ። ሳሎኑ በአንድ ድምፅ «ወንበሩ ነው!» አለ። ጋሽ ኮሚቴ ስልካቸውን አወጡ።

ከዙፋኗ የወረደችው ግላዶስስ? ዊትሊ ድንች ላይ ሰካት። በጌሙ መሠረት ድንቹ የሚሰጣት 1.1 ቮልት ብቻ ነው። በዚያችም አቅሟ አግቦዋን አልተወችም። አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክብሮቷ ጨመረ። ልጆቹ ግን ሌላ ነገር ገባቸው። ለወጥ የተገዛው ድንች ላይ ዚንክ የተቀባ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሰክተው ተገኙ። እርግጥ ነው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ ይገኛል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከሚሟሟው ዚንክ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ስልክ እንኳ አይሞላም። ወጡም ያለ ድንች ቀረበ።

ለሁለት ሰው የተሠራውን ክፍል ከአክስቴ ልጅ ጋር ሞከርነው። እዚያ ግላዶስ አንዱን እያመሰገነች ሌላውን ታሳንሳለች። ተኳርፈን ተውነው። «ምራትና ምራትን የሚያጣሉትም እንዲሁ ነው» አለች አክስቴ፣ በአድናቆት።

ዋናው ታሪክ ያለቀ ዕለት ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ቼል ጨረቃ ላይ ቀዳዳ ከፈተች፤ ዊትሊ ወደ ህዋ ተጠርጎ ሄደ። ግላዶስ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቼልን ትገድላታለች ብለን ስንጠብቅ፣ አንቺን መግደል አድካሚ ነው ብላ በአሳንሰር ወደ ላይ ሰደደቻት። ስንዴ ማሳ መሐል ወጣች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ እንደገና ተከፈተና ከመጀመሪያው ጌም የምናውቀው፣ ልብ የተሳለበት ሣጥን፣ ጥላሸት እንደለበሰ ተወርውሮ ወጣ።

ጋሽ ኮሚቴ ይሄ ምን ትርጉም አለው ብለው ሊያስጠኑ ሲሉ አክስቴ ቀደመቻቸው።

«ምን ይጠናል? ባለጌ አይደለችም። ባዶ እጇን አልሸኘቻትም።»