ዕጣው ይቅር ወይስ ይኑር? በመድኃኒት ሙከራ ላይ የተደረገ ክርክር

አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ አዲሱን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ የቆየውን ሕክምና ወይም ባዶ ክኒን። አሁን ግን ሁለተኛው ቡድን ይቅር የሚሉ በርክተዋል። በእሱ ፋንታ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ከብዙ ሺህ የሕክምና መዝገብ አመሳስሎ የሚያወጣቸው ሕሙማን ይግቡ ይላሉ። አንድ የጤና ዳታ ባለሙያ ይህን ይደግፋል፤ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ትቃወማለች። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ባለሙያው፦ ዶክተር፣ ከታማሚው እንነሳ። ካንሰሩ ተሰራጭቶ፣ የነበረው መድኃኒት አልሠራ ብሎት የመጣ ሰው ዕጣው ወደ አሮጌው ሕክምና ሲመልሰው ምን ይሰማዋል? አሮጌው ምን እንደሚያደርግ እኮ በሺዎች መዝገብ ላይ ተጽፏል። ለሙከራ የሚበቃ ሰው የማይገኝበት በሽታም አለ። የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው 100 ሰዎች ወንዱ 1 ያህል ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ፓልቦሲክሊብ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ለወንዶችም እንዲሰጥ የፈቀደው የኤሌክትሮኒክ መዝገብና የኢንሹራንስ ዳታ አይቶ ነው። ዕጣ ይጠበቅ ቢባል እነዚያ ወንዶች ስንት ዓመት ሊጠብቁ ነበር?

ሐኪሟ፦ በወንዶቹ አልከራከርህም፣ ወንድሜ። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ በሴቶች ላይ በዕጣ ተፈትኖ ነበር። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ልባቸው ይጠበቃል ሲባል ስንት ዘመን ኖረናል። ማስረጃው ትልልቅ መዝገብ ነበር። በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች በዕጣ የተመደቡበት ሙከራ ከጊዜው በፊት ቆመ። የልብ ሕመሙም፣ ስትሮኩም፣ የጡት ካንሰሩም ሆርሞን በወሰዱት ላይ ብሶ ተገኘ። ቀድሞ ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት በአብዛኛው የተማሩ፣ ገንዘብ ያላቸው፣ ራሳቸውን የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። መዝገቡ የኑሯቸውን ደህንነት ለመድኃኒቱ ቆጠረለት።

ባለሙያው፦ ዛሬ ኮምፒውተሩ ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ ተጓዳኝ በሽታውን ሁሉ አመሳስሎ ነው የሚመርጠው። ደግሞ ሥራው ማነጻጸር ብቻ አይደለም። በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን መዝገብ በሰው ሰራሽ አስተውሎት ፈተሹ። ሰውን ከሙከራ የሚያስቀሩ ብዙ መስፈርቶች ጥቅማቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መስፈርቱ ቢላላ መግባት የሚችለው ሰው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በኮቪድ ጊዜም እንግሊዞች ሪከቨሪ የተባለውን ሙከራ መጋቢት 2020 ጀምረው ሰኔ ላይ ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ሕይወት እንደሚያተርፍ ያወቁት የሕዝብ ጤና መዝገባቸውን ስለተጠቀሙ ነው።

ሐኪሟ፦ ሪከቨሪን ለእኔ ተውልኝ! ዴክሳሜታዞኑን ማን እንደሚወስድ የለየው ዕጣ ነው። መዝገቡ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደዳነ ቆጠረ። እንዲህ ሲሆን እጄን ዘርግቼ ነው የምቀበለው። ግን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ምን ሆነ? ላንሴት መጽሔት ከ671 ሆስፒታሎች የተሰበሰበ የ96,032 ሕሙማን ዳታ ነው ብሎ ለኮቪድ ይሰጥ የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሞት አደጋን ይጨምራል የሚል አንድ ጥናት አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን የሚፈትንበትን ሙከራ በቀናት ውስጥ ለጊዜው አቆመ። ዋናው ዳታ ይታይ ሲባል የሚያሳይ ጠፋ፤ ጽሑፉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ።

ባለሙያው፦ ያ ዳታውን ያቀረበው የአንድ ድርጅት ጥፋት ነው። ዳታውን ለሚመረምር ክፍት እናድርገው እንጂ ስለ አንድ ጥፋት ሁሉን አንጣል።

ሐኪሟ፦ እሺ፣ ዳታው ንጹሕ ይሁን። የማን ዳታ ነው? በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላ አዛርን እንይ። ፓሮሞማይሲን የተባለው መድኃኒት ሕንድ ውስጥ ለ21 ቀን ሲሰጥ ከ100 ታማሚ ከ90 በላይ ፈወሰ። ያንኑ መጠን ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ሱዳን ላይ በዕጣ ሞከሩት። ከስድስት ወር በኋላ ድነው የተገኙት ከ100 ወደ 64 ነበሩ፤ የቆየውን መርፌ ከወሰዱት ግን ከ90 በላይ። አሮጌው ቡድን ጎን ለጎን ባይኖር የሕንዱን ቁጥር ይዘን ሑመራና መተማ እንወርድ ነበር። ኋላ ሁለቱ መድኃኒቶች ተጣምረው የ17 ቀን ሕክምና ሆኑ።

ኮዴይንንም ውሰድ። የአውሮፓ ዳታ ቢጠየቅ ለሕመም ማስታገሻ ደህና ነው ይላል። ከእኛ ሰው ግን በጥናት ከታዩት 29 በመቶው ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ቀይሮ አደጋ ላይ የሚጥል የዘር ውርስ አላቸው፤ በአብዛኛው አውሮፓ ግን ከጥቂት በመቶ አያልፍም። አገራችን በ2015 ያገደችው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ገቢና ዕድሜ ያመሳስላል አልከኝ። ማንም ያልመዘገበውን በምን ያመሳስለዋል?

ባለሙያው፦ ታዲያ መፍትሔው የእኛን መመዝገብ አይደለም?

ሐኪሟ፦ ነው፤ በዚህ አልለይህም። ግን የካርድ ክፍላችንን ታውቀዋለህ። ፎልደር ሲጠፋ አዲስ ካርድ ይወጣል፤ ያው ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የሞተውን ማን ይጽፈዋል? መዝገቡ ላይ «ተሽሎት ወጣ» ተብሎ ይቀራል። ይህ የማነጻጸሪያ ቡድን ቢሆን አሮጌው ሕክምና ከሆነው በላይ የተሻለ ይመስላል፤ አዲሱና ጥሩው መድኃኒት ይወድቃል።

ባለሙያው፦ በጣም ብርቅ በሆነ በሽታስ?

ሐኪሟ፦ እዚያ እስማማለሁ፤ ዳታው በሌላ ወገን ይመርመር፣ ቤተሰቡም የማነጻጸሪያው ቡድን ከመዝገብ እንደመጣ ይነገረው። ካላ አዛር ግን ለእኛ ብርቅ አይደለም። ጎንደር ላይ ታማሚው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ በዕጣ የመሞከር ልምዱም አለ። እዚያ ዕጣውን የምንተውበት ምክንያት አይታየኝም።