«ሽቦውን ቁረጠው» አትበሉኝ!

አሁንስ በቃኝ! ከደብረ ማርቆስ ደጀን ድረስ የመኪናዬ በር ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ «በር ክፍት ነው» የሚለው ደወል «ቲን ቲን ቲን» ሲልብኝ መጣ። ያሳየሁት መካኒክ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ሽቦውን ቁረጠው!» መቁረጥ ከመቼ ወዲህ ነው ጥገና የሆነው? አምና ቆረጡልኝ። በር ክፍት መሆኑንም፣ መብራት አለመጥፋቱንም የምትናገረው ያቺው አንዷ ደወል ናት። መብራቱን ረስቼ አደርኩ፤ ጠዋት ባትሪው ድርቅ! ጎረቤት ለምኜ አስገፋሁ፤ ሽቦውንም መልሼ አስቀጠልኩ።

ዛሬ ራሴ ጎንበስ ብዬ አየሁት። የበሩ ስዊች፣ የጣት ጫፍ የምታክል! ላስቲኳ ተበልቶ በሩ ሲዘጋ አይጫናትም። የአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ደረብኩባት፤ ጸጥ! ይህን ማየት ምን ይከብዳል? ደግሞ የቀበቶውን ደወል ዝም ለማሰኘት ቀበቶውን ከጀርባቸው አሳልፈው የሚሰኩት! የዓባይን በረሃ እንዲህ ሆኖ ይወረዳል?