ኧረ እባካችሁ ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብቡት!

ስለ ሜታ የሚጻፈውን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የያዘው ኩባንያ ማለቴ ነው። "ማርክ ከሰረ!" "ፌስቡክ ሊዘጋ ነው!" "ፍርድ ቤት አከናነበው!" ሰበር ዜና ይባላል፣ ማርክ ዙከርበርግ አንገቱን የደፋበት ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ሰው ይሰዳደባል። ግማሹ "እሰይ!" ይላል። ግማሹ "ምቀኝነት ነው" ይላል። ማን ከሰሰው? የት? ጉዳዩ የት ደረሰ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

በገንዘቡ ልጀምር። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 የሜታ አክሲዮን በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ። የገበያ ዋጋው ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ገበያ አንድ ኩባንያ በአንድ ቀን ይህን ያህል ወርዶ አያውቅም ነበር። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ "ማርክ 230 ቢሊዮን ዶላር ተበላ" ሆነ። ማን በላው? የገበያ ዋጋ ማለት እኮ ሰዎች ዛሬ አክሲዮኑን በስንት ሊገዙት ፈቃደኛ እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ደላላ ባለፈው ወር ቤትህን 10 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብሎህ ዛሬ 8 ሚሊዮን ቢልህ፣ ከኪስህ 2 ሚሊዮን ብር ወጣ? ያን ድንጋጤ ያመጣው ሪፖርት ላይ ኩባንያው በሦስት ወር ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተጣራ ትርፍ ማግኘቱ ተጽፏል። ባለሀብቱ የፈራው የሚመጣውን ነው። የፌስቡክ የዕለት ተጠቃሚ ቁጥር ካለፈው ሩብ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሶ ነበር። አፕልም አይፎን ላይ ያደረገው ለውጥ (መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን እንዳይከታተሉ የሚገድብ) የማስታወቂያ ገቢውን እንደሚጎዳው ኩባንያው ራሱ ተናገረ። ልንከራከርበት የሚገባው ቁም ነገር ይሄ ነበር።

ኦክቶበር 2025 ደግሞ ያው ነገር ተደገመ። የሩብ ዓመቱ ትርፍ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ። ከዓመት በፊት ከነበረው በ83 በመቶ ያነሰ ማለት ነው። "አለቀለት" ተባለ። ሪፖርቱን የከፈተ ሰው ግን ገቢው ከ51 ቢሊዮን ዶላር ማለፉን፣ በ26 በመቶ ማደጉን ያያል። ትርፉን ያሳነሰው በአዲሱ የአሜሪካ የግብር ሕግ ምክንያት የተመዘገበ ወደ 16 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። እሱም ቢሆን ጥሬ ገንዘብ አልወጣበትም። ኩባንያው ወደፊት ከግብር ይቀነስልኛል ብሎ በመዝገቡ ይዞት የነበረውን ጥቅም ነው የሰረዘው። ያ ባይኖር ትርፉ 18.6 ቢሊዮን ይሆን እንደነበር ሪፖርቱ ራሱ በግልጽ ይናገራል። በማግስቱ አክሲዮኑ 11 በመቶ መውረዱ እውነት ነው። ግን ባለሀብቶቹን ያሳሰባቸው ኩባንያው ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚያፈሰው ገንዘብ ብዛት ነው። እሱን አንስቶ የተከራከረ ሰው በኛ ሰፈር አላየሁም።

ይሄ ዝም ብሎ የወሬ ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ አወቁትም አላወቁት፣ የሜታ ባለድርሻ ናቸው። የጡረታ ቁጠባቸው ኤስ ኤንድ ፒ 500ን (የአሜሪካን 500 ገደማ ትልልቅ ኩባንያዎች የያዘውን ዝርዝር) በሚከተል ፈንድ ውስጥ ከሆነ ሜታ አለበት። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውላ "ከሰረ የሚሉት እውነት ነው እንዴ? ብሬን ላውጣው?" አለችኝ። ሌሊት ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ብታወጣው ግብሩ አለ፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ ቅጣት አለ። ለምን? አንድ ሰው ላይክ ፈልጎ "ከሰረ" ስላለ!

ወደ ፍርድ ቤቱ ስንመጣ ይብሳል። ዲሴምበር 2020 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን (የሜታ ስም ያኔ ይሄ ነበር) ከሰሰ። በ2012 በ1 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ኢንስታግራምና በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ዋትስአፕ ተፎካካሪን ለመዋጥ የተደረጉ ግዢዎች ናቸው የሚል ክስ ነው። ወዲያው "ዋትስአፕ ሊሸጥ ነው" ተባለ። ጁን 2021 ዳኛው ጄምስ ቦስበርግ ክሱን ውድቅ አደረጉት። "ነጻ ወጣ" ተባለ። ኮሚሽኑ ክሱን አሻሽሎ መልሶ አቀረበ፤ ጃንዋሪ 2022 ያው ዳኛ ይቀጥል አሉ። አሁንም "አበቃለት" ተባለ። ችሎቱ የተጀመረው እኮ አፕሪል 2025 ነው! ኖቬምበር 2025 ላይ ዳኛው ለሜታ ፈረዱ። ኮሚሽኑ ሜታ ዛሬ ገበያውን በሞኖፖል እንደያዘ አላስረዳም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብም ተፎካካሪዎቹ ናቸው አሉ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ እኛ ስንት ጊዜ ፈርደን ስንት ጊዜ በነጻ አሰናበትነው?

ቅጣቱም እንደዚያው ነው። በ2019 በተጠቃሚዎች መረጃ አያያዝ የተነሳ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። ቁጥሩን ሰምተን ጉድ አልን። ወሬው ሾልኮ የወጣ ቀን አክሲዮኑ ጭራሽ ወደ ላይ ነው የሄደው። የዚያ ዓመት ገቢው ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበራ! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቅጣቱን ከገቢው ጋር አስተያይቶ "ይሄ ምን ቅጣት ነው?" ብሎ የሚቆጣ ሰው ስንፈልግ፣ ያለን "ተቀጣ፣ እሰይ" የሚል ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን ናይሮቢ ነው።

የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ኖቬምበር 2021 በቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቶአቸው እየተለጠፈ ዘመቻ ተከፍቶባቸው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ልጥፎቹን ሪፖርት ባደርግም በጊዜው የሰማኝ አልነበረም ይላል። ዲሴምበር 2022 እሱና አብረውት የቆሙ ከሳሾች ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የጠየቁት ብዙ ነው። ለተጎጂዎች የሚውል በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ፈንድ፣ ጥላቻን የሚያራግበው የአልጎሪዝም (ለማን ምን ልጥፍ እንደሚታይ የሚወስነው ፕሮግራም) አሠራር እንዲስተካከል፣ በቋንቋዎቻችን የሚለጠፈውን የሚቆጣጠር በቂ ሰው እንዲቀጠር፣ ስለ አባቱ ግድያም ይፋዊ ይቅርታ።

ሜታ ምን አለ? የአሜሪካ ኩባንያ ነኝ፣ ኬንያ ውስጥ አልተመዘገብኩም፣ ልትዳኙኝ አትችሉም አለ። አፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ "ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ" ብሎ ወሰነ። ይኸው ነው። ሜታ ጥፋተኛ ነው አልተባለም። አንዲት ሳንቲም ክፈል አልተባለም። ውሳኔው ግን ትልቅ ነው፤ አንድ የሲሊከን ቫሊ ኩባንያ በአፍሪካ ፍርድ ቤት ቆሞ ስለዚህ ጉዳይ መልስ ስጥ የሚባልበት በር ተከፈተ። በዚያው ቀን እኛ ጋ የተጻፈው ግን "ሜታ ተፈረደበት፣ ለኢትዮጵያውያን ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ነው" የሚል ነው። ከሥሩ እናቶች "ልጄን ያጣሁት እንዲህ ሆኖ ነው፣ የት ነው የሚመዘገበው?" ብለው ጽፈዋል። አንጀቴን በላኝ። ለእነዚህ ሰዎች ምን ትላቸዋለህ? ምዝገባ የለም ነው የምትላቸው? ሌላው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ መጥቶ "የታለ ገንዘቡ? ክሱም ውሸት ነበር" ይላል። ክሱ ውሸት አይደለም። የዋሸው ያጋራኸው ጽሑፍ ነው።

በዚህ መሃል አብርሃም አባቱን ያሳጣውን ልጥፍ በፍርድ ቤት ሊያስረዳ ይሟገታል። ሟች የየትኛው ብሔር ተወላጅ ነው በሚለው ተሰዳድበን፣ ለምን በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ የሚለጠፈውን የሚቆጣጠረው ሰው ጥቂት ሆነ የሚለውን ጥያቄ ረሳነው። ጋዜጠኞቻችንም ቢሆኑ የአንድ ቀን ርዕስ አድርገው ከተዉት በኋላ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው ብሎ የሚከታተል ስንት ነው?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ "ሜታ ተፈረደበት" የሚል ነገር የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ብሎ እንደወሰነ አብራችሁ ላኩልኝ። "ከሰረ" ካላችሁም ሪፖርቱን ላኩልኝ። ከሌላችሁ ለአክስቴ ልጅም አትላኩባት።