ማስተካከያ፦ ንጉሡ ሌላ፣ ፈላስፋው ሌላ

ባለፈው ስለ ፍልስፍናችን ስጽፍ «ሐተታ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የስም መመሳሰል ጉድ ሠራኝ።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ግን በሐተታው እንደተተረከው በ1599 አክሱም አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ያህል ዋሻ ውስጥ ኖረ። ሐሳባቸውም አይገናኝም። ንጉሡ ለሰንበትና ለማርያም በዓላት መከበር ጥብቅ ነበሩ። ፈላስፋው ጾምንና ምንኩስናን ሳይቀር በልቡና ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ይህን እያወቅኩ መደባለቄ ነው የሚያናድደኝ!

ሌላም አለ። የደራሲውን ጉዳይ ያለቀለት አስመስዬ ነበር። አላለቀም። የእጅ ጽሑፉን በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» የሚል ክርክር አነሳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ምሁራን ዛሬም አልተስማሙም። እኔ ወደ ሰምነር አደላለሁ፤ ያ ግን የእኔ አስተያየት ነው።