ካንዴላ ነው!

እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ ብቻዬን ቆሜ አላውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተ ኮፈን እንደተተከለ ድንኳን ነው። ጥሪ አይጠበቅም፣ ሁሉም ይመጣል።

መኪናዬ የ82 ሞዴል ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳልረግጥ፣ ትንተፋተፋለች። የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትጀምር ታነክሳለች። አራት ሲሊንደር ተሸክማ በሦስት ትሄዳለች።

መጀመሪያ የደረሰልኝ የፓርኪንጉ ልጅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ካንዴላ ነው!» አለ። ካንዴላ ማለት በየሲሊንደሩ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ናት። ሐኪም እንኳ ምላስህን አውጣ ይላል፣ እሱ መጠጋትም አላስፈለገው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ጠቁረዋል። «አላልኩህም?» አለ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡሬተር ለቆላ ከተስተካከለ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላም ይጠቁራል። ግን እንዲህ ያለ ወሬ ድግስ ይበርዛል። አራቱንም ቀየርኩ። መንተፋተፉ ቀጠለ።

ጎረቤቴ ጋሼ በጋቢ ወጥተው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። «ልጄ፣ ይሄ ቦቢና ነው።»

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«የወንድሜ ፊያት እንዲህ ታደርግ ነበር።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ለካንዴላዎቹ ኃይለኛውን ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ቦቢና ገዛሁ። ሻጩም ደግ ሰው ነው፣ «ለማንኛውም ገመዶቹንም ውሰድ» አለኝ። ይህቺን «ለማንኛውም» ልብ በሉልኝ። ስንት ሱቅ የቆመው በእሷ ነው።

ጋራዥ ያገኘሁት መካኒክ ግን ሁሉንም አስናቀ። ካርቡሬተሩን ፈታ፣ በቤንዚን አጠበ፣ ገጠመ። ሁለት ብሎን ተረፈ። «ትርፍ ናቸው» ብሎ ኪሱ ከተታቸው። ጃፓኖቹ ያን ሁሉ ዘመን ሁለት ብሎን በከንቱ ሲያስሩ ኖረዋል ማለት ነው። ከዚያ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ መውረድ እንዳለበት አበሰረኝ። «የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ ኮምፕረሽኑን፣ ለካኸው?» ብዬ ስጠይቀው እናቱን የሰደብኩበት ያህል ተቆጣ። ረዳቱ ደግሞ «ለምን ኮምፒውተር አትደረግም?» አለ። የሚሰካበት ቦታ እንኳ የላትም። በእሷ ዘመን ኮምፒውተሩ ሹፌሩ ነበር።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሰፈር ውስጥ የሚሠራ ሽማግሌ መካኒክ። ምንም አልገመተም። ጭራሽ «አላውቅም፣ እንይ» አለ! ሞተሩን አስነሳና በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አንደኛውን ሲነቅል የሞተሩ ድምፅ ወረደ። መልሶ ሰካው። ሁለተኛው ላይም ወረደ። ሦስተኛውን ሲነቅል ሞተሩ ምንም አልመሰለውም። «የተኛችው ይህቺ ናት» አለ።

ካንዴላዋን ከጎረቤቷ ጋር አለዋወጠ። ችግሩ ካንዴላዋን ተከትሎ አልሄደም። ገመዱንም ለወጠ፣ ያው ሦስተኛዋ ናት። ያን ጊዜ ብልጭታውን ለአራቱም የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስቶ ገለበጠው። ከሦስተኛዋ መውጫ ሥር የተነሳ፣ ፀጉር የምታክል ጥቁር ስንጥቅ። ብልጭታው ወደ ካንዴላ ሳይደርስ በእሷ በኩል ይሾልካል። እርጥበት ሲኖር ደግሞ ይብሳል፤ ለካ በክረምት ጠዋት ስትንዘፈዘፍ የነበረው ለዚህ ነው። ክዳኑ ተቀየረ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ኮፈኑን የከበቡት ሰዎች ገና አስተያየት እንኳ ሰጥተው ሳይጨርሱ! እንዲህ ያለ ጨዋታ አፍራሽ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማታ መኪናዋን ሳቆም የፓርኪንጉ ልጅ ድምፁን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ። የድሮዎቹን አራት ካንዴላዎች በብረት ብሩሽ ፍቆ ለሌላ ዲኤክስ ባለቤት ሸጧቸዋል። ያቺም መኪና መንተፋተፏን ተወች አሉ።

«አላልኩህም?» አለኝ። «ካንዴላ ነው።»