የስልክ ሱስ፦ በሽታ ወይስ የአስተዳደግ ጉድለት? (በአንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስና በአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር መካከል)

ነርሷ፦ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ ገብቷል። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ልጁ መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሁሉም ነገር ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት ነው። በቅርቡ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተኝቶ ሊታከም መጥቶ ስልኩን ስንቀበለው እጁ ተንቀጠቀጠ።

መምህሩ፦ እጁ ተንቀጠቀጠ! ልጄ፣ የእኔንም ስልክ ብትቀሚኝ እንቀጠቀጣለሁ፣ ቴሌብሬ እዚያ ውስጥ ነው። ደግሞ ያልሽው ዝርዝር ስለ ጌም ነው የሚያወራው። ቲክቶክ የታለ? የእኔ ተማሪዎች የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል ብለው እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት አፍጥጠው ያድሩና ክፍል ውስጥ ያንጎላጃሉ። ይሄ እንቅልፍ ማጣት ነው። ቤት ውስጥ “ተኛ” የሚል ሰው የለም፣ አለቀ።

ነርሷ፦ “ልጄ” ይበሉኝ ግድ የለም፣ በሥራዬ ግን አይቀልዱ። ልጁ ምግብ ትቷል፣ ጓደኞቹን ትቷል። ድብርቱ ቀድሞ ወደ ስልክ ሸሽቶ ይሁን፣ ስልኩ ድብርቱን አምጥቶበት፣ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት። እናቱ ደግሞ “ተኛ” ብላዋለች፣ ስልኩን ደብቃለች፣ ዋይፋይ ሳይቀር ነቅላለች።

መምህሩ፦ የትኛው እንደቀደመ ካላወቃችሁ ስልኩን ምን አስነጠቃችሁ? መንቀጥቀጡን ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ! ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ኦንላይን ጌም ከለከለች። ሕጉ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ልጆቹ ወደ ሞባይል ዞሩ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ራሷ ሻረችው።

ነርሷ፦ ሕግ ይውጣ ያለ አለ እንዴ? ኮሪያ ሕጉን ሻረች እንጂ ሕክምናውን አልዘጋችም። ይልቅ እርስዎ፣ በየቀኑ ፊትዎ የሚያንጎላጀውን ልጅ አንድ ቀን ጠርተው “ምን ሆነሃል?” ብለውታል?

መምህሩ፦ በ60 ተማሪ መሃል? አስተማሪ ነኝ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም እህቴ።

ነርሷ፦ እናቱም ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት ነው የምትገባው። “ተኛ የሚል የለም” ያሉት ስለ እሷ ከሆነ፣ መጥተው ይንገሯት።

መምህሩ፦ እናትየዋን ማን ወቀሰ? ብቻ ስልኩን ስትመልሱለት የሌሊት ፓኬጅ እንዳትገዛለት ንገሯት።